በሁለት እጅ የታረደ በግ

አልታዬን ማንም አልጠየቃትም። ቤቱ የእሷ ነው፤ በጎቹን ያሳደገች እሷ ናት፤ ጾሙን ከቅበላ ጀምራ እርጅናዬ ሳትል የገፋችውም እሷ ናት። ፋሲካው እንዴት እንደሚዋል ግን የተመከረው መካነ ሰላም ከተማ፣ በልጇ በመለሰ ሱቅ፣ በቆርቆሮ ክምርና በሚስማር ካርቶን መካከል ነው። መካሪዎቹ መለሰና ሚስቱ እሌኒ። አልታዬ የሰማችው ምክሩ ካለቀ በኋላ ነበር፤ እንደ ሩቅ ጎረቤት፣ እንዲያውም እንደ በጎቹ።

መለሰ የመጣው በሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ቀን ነው። ባጃጁ ከኮረብታው ሥር ስለለገመበት ቀሪውን ዳገት በእግሩ እያለከለከ ወጣ። በር ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊስማት ጎንበስ አለ።

«ወግድ!» አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «ሕማማት እኮ ነው። ይሁዳ ነህ እንዴ የምትስመኝ?»

«ኧረ ረስቼው ነው እማዬ።»

«ትረሳለህ እንጂ። ለእናንተ ለከተሞቹ ፋሲካ የሚታወቃችሁ ሥጋ ቤቱ ሲከፈት ነው።»

መለሰ ሳቀ። እናቱ ስትናገረው መሳቅ ከልጅነቱ የለመደው መሸሻ ነው። ከመደቡ ላይ ተቀምጦ ላቡን ከጠረገ በኋላ የመከረውን ዘረገፈላት። ዘንድሮ ፋሲካ እዚህ፣ በእሷ ቤት ይዋላል። የእሌኒ እናትና አባት ይመጣሉ። ሱቁ ከእሱ ሱቅ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ንጉሡም ከነሚስቱ ይመጣል። ዳቦውንም ጠላውንም እሌኒ ከከተማ አዘጋጅታ ታመጣዋለች።

«አንቺ ምንም እንዳትነኪ። አርፈሽ መቀመጥ ብቻ» አለ። «በጉንም እኔው አርደዋለሁ።»

«ማን?»

«እኔ።»

«ይሄነውስ?»

ይሄነው የሟች ባሏ የአድማሴ ታናሽ ወንድም ነው። ከወንዙ ማዶ ነው ቤቱ። አድማሴ ከሞተ ጀምሮ በዚህ ግቢ የታረደው በግ ሁሉ የታረደው በእሱ እጅ ነው።

«አጎቴማ አርጅቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንግዳ ፊት ደስ አይልም። ደግሞስ እማዬ፣ በአባቴ ደጅ ሌላ ሰው እስከ መቼ ያርዳል? አባወራው እኔ አይደለሁ?»

«አንተ በግ ስታርድ ያየህ ማነው?»

«በግ ማረድ ምን አለው? ትምህርት ቤት አይገባበት።»

«እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ለዚህ ነው የምነግርህ» አለች አልታዬ። «በግ ነፍስ አለው። ቆርቆሮ ስትቆርጥ እጅህ ቢስት ቆርቆሮው አያለቅስብህም። ይሄነውን ጥራው።»

«አትስጊ እማዬ፣ አውቅበታለሁ።»

አላወቀበትም፤ እንደማያውቅበትም ታውቃለች። ይሁን እንጂ እንደ ትልቅ ሰው ካልጠየቋት እንደ ትንሽ ልጅ እየተከተለች የምትጨቀጭቅበት ምክንያት አልታያትም። ይሄነውም ነገሩን ከሰው አፍ ሰማ። ቅር አለኝ አላለም፤ ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን አንስቶ፣ ፋሲካን ከልጁ ጋር ሊውል ወደ ወግዲ ሄደ። ቅር መሰኘቱን አልታዬ ያወቀችው ሲሄድ ደጇ ላይ ስላልቆመ ነው።

በጎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የቤቱ ነው። ሁለተኛው የጎረቤቷ የአህመዲን ነው፤ ይህን ደግሞ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ከመለሰም በፊት በጎቹ ያውቁታል ብትል የሚበዛ አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አድማሴ የሞተው በሰሞነ ሕማማት ነበር። በዚያ ሳምንት ፍትሐት የለም፤ በሳምንቱ ለሚሞተው ሁሉ ጸሎቱ በሆሳዕና ዕለት አስቀድሞ ይደረሳል። ስለዚህ አድማሴን ደወል ሳይደወል፣ ካህን ሳያዜምለት ነው አፈር ያለበሱት። ፋሲካ ሲደርስ የአልታዬ ቤት ጭስ አልነበረውም። ልጆቿ ሁለት ወር ጾመው ባዶ ሌማት ከበው ተቀምጠው ሳለ የአህመዲን አባት ሙሐመድአሚን በግ እየጎተተ መጣ። መጣና አላረደውም። ወንዙን ተሻግሮ ይሄነውን ጠራና «በእጅህ እረድላቸው፤ በእናንተ ወግ ይብሉ» አለው። በጉ ተገፍፎ ድስት ላይ እስኪወጣ እሱ ከደጅ ቆሞ ጠበቀ። ውሃ እንኳ ሳይቀምስ፣ «አብሽሪ አልታዬ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ አልታዬ ለፋሲካ ሁለት በግ ታሳድጋለች። የእነሱን እነሱ መጥተው በእጃቸው ያርዱታል፤ ከግቢዋ ማዶ ጥግ፣ በራሳቸው ድስትና በራሳቸው ምድጃ ሴቶቻቸው ይሠሩታል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ደጅ፣ እያንዳንዱ በየገበታው ይበላል፤ ጨዋታው ግን የጋራ ነው። ሙሐመድአሚን ሲሞት ልጁ አህመዲን ከሚስቱ ከሉባባ ጋር ቦታውን ያዘ። በዒድ ደግሞ ከአህመዲን ቤት ወደ አልታዬ ቤት ያልታረደ በግ ይመጣል፤ ይሄነው ያርደዋል። እንዲህ ሲሆን አንድም ቀን ማንም ስለ ወጉ ማንንም አስረድቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አልታዬ ቄጤማዋን በግንባሯ አስራ ወደ ማርያም ሄደች። ከመሄዷ በፊት ያን ቀን ከእሌኒ ጋር ከከተማ ለደረሰው ለመለሰ አንድ ነገር ብቻ ነገረችው፤ «እኔ እስክመለስ ቢላዋ እንዳይነሳ»። መለሰም «እሺ» አለ። ቀላል እሺ ነበር፣ እንደ ሱቅ ደንበኛ እሺ።

አልታዬ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን በቅዳሴው ሕዝቡ የሚመልሰውን ከዲያቆኑ እኩል ታደርሰዋለች፤ ዲያቆኑ ሲስት ደግሞ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ዲያቆኑም ያንን ጉሮሮ ስለሚያውቀው ቶሎ ይመለሳል። ሌሊቱን መቋሚያዋን ተደግፋ ቆመች። የትንሣኤው ዜማ ሲወርድ እንባዋ ወረደ፤ ከበሮው ሲመታ ጉልበቷን ረስታ አሸበሸበች። ሥጋ ወደሙም ተቀበለች። ከባሏ ሞት በኋላ በየፋሲካው ትቆርባለች።

የቆረበ ሰው አይሳደብም፤ አይምልም፤ ከሰው አይጣላም። ሁለት ወር መጾም ለአልታዬ ምንም አይደል፤ የምትከብዳት ይህች አንዲት ቀን ናት።

ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ሲታይ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ዳገቱን ወረደች። በየደጁ የበግ ቆዳ ተሰጥቷል፤ በየቤቱ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ያገኛት ሁሉ «እንኳን አደረሰሽ» ይላታል፤ እሷም በነጠላዋ ውስጥ ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። ግቢዋ ስትደርስ ግን ዝም ያለ ነገር ጠበቃት።

አንዱ በግ ከወይራው ሥር እንደታሰረ ሣሩን ያላምጣል። ያኛው ቅጠል ላይ ተኝቷል፤ ታርዷል፣ ግን አልተገፈፈም። የመለሰ ነጭ ሸሚዝ እስከ ክርኑ ደም ነው። እሌኒ በሩ ላይ በእጇ አፏን ይዛ ቆማለች። አህመዲን ደግሞ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ደም የነካ እጁን ሳይታጠብ፣ መሬት መሬት ያያል።

«እንኳን አደረሰሽ እማዬ!» አለ መለሰ ከሚገባው በላይ ጮክ ብሎ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ይህ በግ ምን ሆኖ ነው ከነቆዳው የተኛው?»

«እየገፈፍነው ነው።»

«በዓይናችሁ?»

አህመዲን ተነሣ። በዕድሜ የመለሰ እኩያ ነው፤ አብረው ከብት ጠብቀው አድገዋል። «እትዬ አልታዬ፣ አፉ በሉኝ። እኔ ነኝ…»

«አህመዲን!» አለ መለሰ። «ዝም በል አላልኩህም?»

አልታዬ መቋሚያዋን መሬት ላይ ተከለችው። «ስሙ፤ ቆርቤ ነው የመጣሁት። አታነታርኩኝ። የሆነውን ንገሩኝ፣ በአጭሩ።»

መለሰ አፉን ከፈተና ዘጋው። የነገራት አህመዲን ነው። እሱ የራሱን በግ ሊያርድ ማልዶ መጥቶ ነበር። መለሰ ግን እንግዶቹ ሳይደርሱ ልቅደም ብሎ የቤቱን በግ ወደ ምሥራቅ አዙሮ አስተኛው። በስመ አብ ብሎም ቢላዋውን ሳበ። ሲስበው ግን ዓይኑን ጨፈነ። ቢላዋው ጠጉርና ቆዳ ብቻ ቆረጠ። በጉ መለሰን ገፍትሮ ተነሣና ደሙን እያዘራ ግቢውን ዞረ። አጥሩ ሥር ሲወድቅ መለሰ እንደገና ያዘው፤ እጁ ግን እምቢ አለው። በጉ ያጓራል፤ መለሰ ቢላዋውን ይዞ ይንቀጠቀጣል።

«ነፍስ ስትንገላታ ማየት አልቻልኩም እትዬ» አለ አህመዲን። «ቢላዋውን ከእጁ ወሰድኩና ቢስሚላህ ብዬ ጨረስኩት። እጄ ከልቤ ቀደመ፣ ወላሂ። የእናንተ በግ መሆኑን ያስታወስኩት ከጨረስኩት በኋላ ነው።»

አልታዬ ጎንበስ ብላ የበጉን አንገት አየች። ሁለት ቁርጥ ነበረው፤ አንዱ ፈሪ፣ አንዱ ደፋር። እሌኒ የአማቷ ፊት ስላስፈራት ወደ ጓዳ ግማሽ እርምጃ አፈገፈገች።

«ለእናንተስ ይሆናል?» አለች አልታዬ አህመዲንን።

«ለእኛም አይሆንም። የጀመረው የእኔ እጅ አይደለም። እንዲህ የተምታታ ነገር ለልጆቼ አላበላም።»

«ልክ ነህ። እኔም አላበላም።»

በአንድ በግ ላይ የፈጣሪ ስም ሁለት ጊዜ ተጠርቶ በጉ ለማንም ሳይሆን ቀረ። አልታዬ ዕድሜዋን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቀች ነበር።

መለሰ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማዬ፣ ማንም አላየም።»

«አምስታችን አይተናል።»

«አራት ነን።»

«ያንን ከላይ ያለውንም ቁጠረው እንጂ።»

«ተይ እንጂ! የእሌኒ ቤተሰብ መንገድ ላይ ናቸው። ከንጉሡ ጋር አብረው ነው የተነሡት። ምን ልበላቸው? እኔ ነኝ ያረድኩት እንበልና ይለቅ። ደግሞም እኔ ነኝ የጀመርኩት፤ ውሸት አይደለም።»

እሌኒም ከበሩ ሆና ባሏን አገዘች። «እውነቱን ነው እማማ። ከተማ ሥጋ ቤት ማን እንዳረደው ማን ይጠይቃል? ግድግዳው ላይ ሥዕል ከተሰቀለ ገብተን እንበላለን።»

«እዚያ ሳታውቂ ትበያለሽ፤ ባለቤቱ ይጠየቅበታል። እዚህ ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ ደግሞም አውቄያለሁ።»

«ሃይማኖት እኮ በሥጋ አይደለም» አለ መለሰ። ደንበኛ ሲከራከረው የሚያወጣት ድምፅ ወጣች። «ዋናው ልብ ነው ይባል የለ? ካህናቱም ይሉታል።»

«ልብህን አሳየኛ ታዲያ! ልብህ እኮ ነው ደብቁልኝ፣ ደብቁልኝ የሚለው።» አፏን የሸፈነችበትን ነጠላ አስተካከለች፤ ድምፅዋ ከፍ እያለባት መሆኑ ስለተሰማት መልሳ ዝቅ አደረገችው። «ሥጋ ባይኖር ፋሲካ ይቀራል ያለህ ማነው? ጌታ የተነሣ ለት በጠዋት የሄዱት ሴቶች ሽቱ ይዘው ነው የሄዱት፤ ድስት ይዘው አልሄዱም።»

«ሥጋው ምንም ካልሆነ ታዲያ ምን ታካብጂዋለሽ?»

«ሰው የሚበላው እኔን አምኖ ስለሆነ ነዋ! መምሬ ኪዳነማርያም የዚህን ቤት እጅ አምነው ነው ባርከው የሚቆርሱት። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሁለት ወር ጾሞ፣ ሰግዶ፣ ሌሊቱን ቆሞ አንጀቱ ታጥፎ ሲመጣ፣ የመጀመሪያ ጉርሻውን ውሸት ላጉርሰው? ስግደቱ ለዚህ ነው? እንዲህማ ከሆነ ጉልበቴን ለምን አደከምኩት፤ ቤቴ ተኝቼ አድር ነበር።»

መለሰ ግን አልተሸነፈም፤ ዓይኑን ወደ ወይራው፣ ወደታሰረው በግ ወረወረ። አህመዲን ዓይኑን ተከትሎ ነገሩ ገባው።

«የእኛን ውሰዱት» አለ ፈጥኖ። «ከሰፈሩ የሚያርድ ሰው ጠርተን በእናንተ እጅ ይታረድ። እኛ ያገኘነውን በልተን እንውላለን። አብሽሩ እትዬ፣ ለአንድ ቀን ምን አለበት።»

«እግዜር ይስጥህ አህመዲን!» አለ መለሰ። ፊቱ ሁሉ ፈካ። «ይኸው አለቀ!»

«ምኑ ነው ያለቀው?» አለች አልታዬ። «ያ በግ የሙሐመድአሚን ነው።»

«ሙሐመድአሚን ሞቷል እማዬ።»

«አባትህም ሞቷል። እሱ ሞተ ብሎ ሙሐመድአሚን ልጆቹን ከነረሃባቸው ትቷቸው ነበር?» ወደ አህመዲን ዞረች። «አንተም አርፈህ በግህን እረድ። ለእንግዳ ያልኩትን፣ ቤቴ ጎደለበት ብዬ ከእንግዳ አልነጥቅም። ፊትህን ወደ ቂብላህ አዙርና አሁኑኑ እረድ፤ ሉባባም ድስቷን ታምጣ። እኛ የእንቁላል ወጥ አለን፤ አይብ አለን፤ ሽሯችንም ቅቤ ገብቶበታል። ከትናንት ይሻላል።»

ዶሮ እንኳ አልነበራትም፤ በጾሙ መካከል ፈንግል ገብቶ ጨርሶባታል። እንቁላሉንም ያመጣችው እሌኒ ናት። ይህን ሁሉ ግን አልታዬ እንደ ጉድለት አልቆጠረችውም። የጎደለው ሌላ ነበር፤ እሱንም በጠራ ቃል ለመለሰ ነገረችው።

«ሰው ሲመጣ የሆነውን አንተው ትነግራቸዋለህ። አልችልም ካልክ አሁን በለኝ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለ መለሰ መሬት እያየ።

የማንም ያልሆነውን በግ ወደ ገደሉ ወስደው ጣሉት። የሰፈሩ ውሾች ፋሲካቸውን አዩ። ከዓመት እስከ ዓመት ድንጋይ ሲወረወርላቸው የኖሩ ውሾች ሙሉ በግ ከሰማይ ሲወርድላቸው መናከስ እንኳ ረሱ። አልታዬ ከላይ ሆና አይታ «ቢያንስ እናንተ እንኳን አደረሳችሁ» አለች።

እንግዶቹ ረፋድ ላይ ደረሱ። የእሌኒ እናት ወይዘሮ ይታይሽ ከነባላቸው፣ ንጉሡ ከነሚስቱ፣ ከሰፈሩም ወዳጅ ዘመድ። መምሬ ኪዳነማርያም በየቤቱ ሲባርኩ ቆይተው መጡና በክብር ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ድፎ ዳቦው በመሶብ ክዳን ላይ ሆኖ መሐል ቀረበ። የእንቁላል ወጡና አይቡ ተደረደረ፤ ጠላው ተቀዳ። ከግቢው ማዶ ጥግ የአህመዲን ሚስት ሉባባ ድስቷን ታማስላለች፤ የበግ ወጥ ሽታው በነፋስ እየተነዳ ቀጥ ብሎ ወደ ክርስቲያኖቹ ገበታ ይመጣል።

ሁለት ወር የጾመ ሰው አፍንጫው አይዋሽም። አንዱ ወደ ጓዳው፣ አንዱ ወደ ማዶው ድስት ያያል። አልታዬ መለሰን ታያለች። መለሰ ጠላ ይቀዳል። የሞላ ብርጭቆ ላይ ሁሉ ይቀዳል።

«እኔ እምለው» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ በጨዋታ ዓይነት፣ «በግ የታረደው በዚያ በኩል ብቻ ነው እንዴ? እኛ ዘንድ የደረሰው ሽታው ብቻ ነው እኮ!»

ሰው ሳቀ። መለሰም አብሮ ሳቀ።

«ትንሽ ችግር ገጥሞን ነው» አለ። «በጉ… ተበላሸብን።»

«የተበላሸው ምን ሆኖ?» አለ ንጉሡ።

አልታዬ እስትንፋሷን ያዘች። አሁን ይናገራል፤ በሩ ተከፍቶለታል፤ መግባት ብቻ ነው። መለሰ ማንቆርቆሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ያው… አህመዲን ሊያግዘኝ ብሎ…» አለና ተወው።

ተወው። የቀረውን ሰው ራሱ ጨረሰለት።

«አህመዲን ነው ያበላሸው?» አለ ንጉሡ። «እሱን ደግሞ ከእናንተ በግ ጋር ምን አገናኘው?»

«የራሱንማ አሳምሮ አርዶታል» አለች የንጉሡ ሚስት ወደ ማዶው ድስት በአገጯ እያመለከተች።

«ኧረ ሆን ብሎም እንዳይሆን!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አልሳቀም። ይህኛው ነው የባሰው፤ ያልሳቀው አምኗል ማለት ነው።

መለሰ ብርጭቆ ፍለጋ ዓይኑን አዟዟረ፤ ያልተቀዳለት ግን አልነበረም።

አህመዲን ሁሉን ሰምቷል። ለሕፃናቱ የሚሆን ሳህን ይዞ ከድስቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሳህኑን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት። ሉባባ ማማሰያዋን አቆመች፤ ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ሳትጠይቅ እሳቱን መበተን ጀመረች። የድስቱን ጆሮ በጨርቅ ያዘች። ልጆቿን በስም ጠራች። ሳይጮኹ፣ ሳይነቅፉ፣ የሰው እንግዳ ሳይረብሹ ሊሄዱ ነው። እንዲህ ዝም ብሎ የሄደ ሰው ደግሞ በዓመቱ ቢጠራ አይመጣም። አልታዬ ይህን ከይሄነው ተምራለች፤ ገና ሳምንትም አልሞላው።

መምሬ ኪዳነማርያም ሳይሰሙ ይሁን እንዳልሰሙ ሆነው፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ዳቦው ላይ ጸሎት ሊጀምሩ ነበር።

«መምሬ፣ ይታገሱኝ» አለች አልታዬ። ከመደቡ ተነሥታ እጇን ዳቦው ላይ ዘረጋች። «ዳቦው ይቆይ።»

ወደ ገበታው የተዘረጉ እጆች ተመለሱ።

«ምነው አልታዬ? ሰው ርቦታል እኮ» አሉ መምሬ።

«ይራበው። ሁለት ወር የቻለ ሰው እስክንነጋገር አይሞትም።»

«ዛሬ የደስታ ቀን ነው። የሚያነጋግር ነገር ካለ ነገ እንነጋገራለን።»

«የማን ደስታ መምሬ? ነገማ አህመዲን ከደጄ ወጥቶ የለ። ነገ የምነጋገረው ከማን ጋር ነው፤ ከአጥሩ ጋር?» ፊቷን ወደ ማዶው አዞረች። «ሉባባ፣ ድስቷን መልሻት። ገና አልበሰለችም። አህመዲን፣ አንድ እግርህን እንዳታነሣ፤ አባትህ ከዚህ ደጅ እንዲህ ሆኖ አልወጣም።»

አህመዲን ቆመ። ሉባባም ድስቷን እንደያዘች ቀረች፤ ወደ ምድጃውም አልመለሰችው፣ ወደ በሩም አልወሰደችው።

መምሬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ሴት፣ ቆርበሻል እኮ። የቆረበ አይቆጣም።»

«አልተቆጣሁም። ብቆጣማ ድምፄን ያውቁታል። አልሳደብም፣ አልምልም፤ ለዚያ ብዬ ከጠዋት ጀምሬ ምላሴን ነክሼ ይዣለሁ። ግን ሥጋ ወደሙን በተቀበለ አፌ ዝም ብዬ፣ ያላጠፋ ሰው በደጄ ጥፋተኛ ሲባል ልስማ? ሌሊቱን ሙሉ ለእውነት ቆሜ አድሬ፣ ቀኑን ለውሸት ልቀመጥ? ይህ ነው በዓል ማክበር የሚባለው? እንዲህ ነው በሉኝና እኔም ቁጭ ልበል።»

መምሬ ኪዳነማርያም ብዙ ዘመን የኖሩ ካህን ናቸው፤ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃሉ። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እንዲያውም ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ታየ።

«እማዬ» አለ መለሰ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «በናትሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«እኔ አላዋርድህም። አንድም ቃል ስላንተ አልናገርም፤ ዓይንህ እያየ ተናግሬያለሁ? የማውቀውን ሁሉ እዚሁ ደረቴ ውስጥ ይዤዋለሁ።» መቋሚያዋን አንሥታ ወደ ማዶው ድስት አመለከተችው። «ማንቆርቆሪያውን አስቀምጥ። ማንም ጠላ አልጠየቀህም። ከዚህ ተነሥተህ እዚያ ሂድና ከአህመዲን ጎን ቁም። ፊቱን አታዙርበት፤ ወደ እሱ እያየህ፣ እነዚህም ሁሉ እየሰሙ፣ ጠዋት በዚህ ግቢ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምረህ ተናገር። ማን እንዳስተኛው፣ ማን ዓይኑን እንደጨፈነ፣ ማን ደግሞ ለነፍሲቱ እንዳዘነ። ሙሉውን እፈልጋለሁ፤ እንደ ቅድሙ መሐል ላይ እንዳትተወው። ስትጨርስ አፉ በለኝ በለው። እስከዚያ ድረስ ይህ ዳቦ አይቆረስም፤ እኔም እጄን አላነሣም። ተነሥ መለሰ፣ ሰው ርቦታል።»